የመሸበት እንግዳ ከነቤቱ

«ሽንት ቤቱን ዛሬ የሚደፋው ማነው?»

በጉዟችን ሁለተኛ ቀን ማለዳ ወንድሜ ይህን ሲጠይቅ መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጁ ብርድ ልብሱን እስከ ግንባሩ ሳበ። ባለቤቱ ሻይ በማፍላት የተጠመደች መሰለች። የዘጠኝ ዓመቷ ትንሿ ልጅ ግን «እንግዳ ይድፋ!» ብላ በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች። ከአዲስ አበባ እስከ ሜልቦርን ከሃያ ሰዓት በላይ በአየር ተጉዤ፣ የተከበርኩ አክስት ነኝ ብዬ ለሄድኩት ለእኔ የመጀመሪያው ሹመቴ ይህ ሆነ።

ነገሩ ሲያወሩት እንጂ ሲሠሩት አይከፋም። ካራቫን ከመኪና ኋላ ታስሮ የሚጎተት ባለ ጎማ ቤት ነው። የወንድሜ ካራቫን ስድስት ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በአንድ ጫፍ የባልና ሚስት አልጋ፣ በሌላው ጫፍ የልጆች ተደራራቢ አልጋ፣ መሐል ላይ የጋዝ ምድጃ፣ ፍሪጅና ሲታጠፍ አልጋ የሚሆን ጠረጴዛ (የእኔ መኝታ እሱ ነበር)፣ በስተመጨረሻም ቁም ሣጥን የምታክል መታጠቢያና ሽንት ቤት አለው። የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ከውጭ በኩል በትንሽ በር ይወጣል። እጀታና ጎማ ስላለው ሻንጣ እንደያዘ መንገደኛ እየጎተቱ ከተማዋ ለዚሁ ብላ ወዳዘጋጀችው መድፊያ ይወስዱታል። አገሬው «ዳምፕ ፖይንት» ይለዋል። መገልበጥ፣ በውኃ ማለቅለቅ፣ መድኃኒት ጨምሮ መመለስ ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በመንገዴ ላይ ያገኘኋቸው ሦስት አዛውንቶች የየራሳቸውን እየጎተቱ በፈገግታ ሰላምታ ሰጥተውኝ አለፉ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የተገናኘን እንጂ ሽንት ቤት ልንደፋ የወጣን አንመስልም ነበር።

ወጉን ከዚህ የጀመርኩት ለቀልድ ብቻ አይደለም። በአውስትራሊያ ምድረ በዳ ያሉ ብዙ ትንንሽ ከተሞች ለመንገደኛ በነጻ ማደሪያ ይሰጣሉ። በምላሹ የሚጠብቁት ሁለት ነገር ነው፤ ቆሻሻህን ይዘህ ሂድ፣ ከመሄድህ በፊት ደግሞ ከሱቃችን አንድ ነገር ግዛ። የመጀመሪያው በሕግ ይጠየቃል። ሁለተኛው ለኅሊና የተተወ ነው፤ ጭቅጭቁም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ወንድሜ ካራቫኑን ያገለገለ የገዛው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። እሱ ሌሊት በመጋዘን ይሠራል። ባለቤቱ ቀን በአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ናት። «ልጆቼን የማገኛቸው ፍሪጅ ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ነው» ብሎ በስልክ ያጫወተኝ ጊዜ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ሜልቦርን ደርሼ ፍሪጁን ሳይ ግን እውነትም «ወጡ ሁለተኛው ሳህን ውስጥ ነው»፣ «ለትምህርት ቤቱ ቅጽ ፈርም»፣ «አባዬ አትቀስቅሱኝ ብሏል» የሚሉ ወረቀቶች ተደርድረዋል። ልጁ አባቱን የሚያውቀው ቀን ሲተኛ ነው። አማርኛ ይሰማል፣ ሲመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ያም ቢሆን ሲጠየቅ ብቻ።

እኔ የደረስኩት ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ትምህርት ቤቶች ለክረምት ዕረፍት በተዘጉበት ሳምንት ነው። የእነሱ ክረምት ዝናብ ሳይሆን ብርድ ነው። ለምድረ በዳ ጉዞ የሚመረጠውም ይኸው ወቅት ነው፤ በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚወጣ እንኳን ከልጆች ጋር ብቻንም አይደፈርም። እናም የአሥራ ሁለት ቀን ስንቅ ጫንን። የወንድሜ ባለቤት እንጀራውን ሦስት ሦስት አድርጋ በላስቲክ ጠቅልላ፣ ቀይ ወጡን አቀዝቅዛ፣ በርበሬ፣ ሽሮና ጀበና አስገባች። ለዕጣን የሚሆን ቦታ ግን የለም ተባለ። ተገኘለት።

ጎተራው ላይ የቆሙ ገበሬዎች

አውስትራሊያ በስፋት ኢትዮጵያን ሰባት ጊዜ ገደማ ታጥፋለች፤ ሕዝቧ ግን 27 ሚሊዮን ያህል ነው፣ አብዛኛውም የሚኖረው በባሕሩ ዳር ባሉት ትልልቅ ከተሞች ነው። ከባሕሩ እየራቁ ወደ መሐል ሲገቡ መሬቱ ይቀላል፣ ዛፉ ያጥራል፣ በከተማና በከተማ መካከል ያለው ርቀት መቶና ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ይሆናል። «አውትባክ» የሚሉት ይህን ነው። የት እንደሚጀምር የሚያሳይ ድንበር የለም። ወንድሜ ግን የራሱ መለኪያ አለው፤ «ከፊት ለፊት የሚመጣ ሹፌር ከመሪው ላይ አንድ ጣት አንስቶ ሰላም ሲልህ ደርሰሃል ማለት ነው» ይላል።

ከሜልቦርን በስተሰሜን ምዕራብ በስንዴ ማሳ መካከል ብሪም የምትባል መንደር አለች። አንድ ዋና መንገድ፣ ጥቂት ቤቶች፣ ከዚያም ሠላሳ ሜትር ገደማ ወደ ላይ የሚወጡ የኮንክሪት የእህል ጎተራዎች። ጎተራዎቹ እ.ኤ.አ. በ1939 የተሠሩ ሲሆኑ አገልግሎት መስጠት አቁመው ነበር። ጊዶ ቫን ሄልተን የተባለ አውስትራሊያዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ የአራት ገበሬዎችን ምስል ከላይ እስከ ታች ሣለባቸው። ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ናቸው። ከነሸሚዛቸው ቆመዋል፤ ፊታቸው ላይ ፈገግታም ኀዘንም የለም። ልጅቷ አንጋጣ አይታ «ምን እየጠበቁ ነው?» አለች። አባቷ «ዝናብ» አላት።

ሥዕሉን ለማየት መኪና ሁሉ ወደ ብሪም መጉረፍ ሲጀምር በአካባቢው ያሉ ሌሎች መንደሮችም የየራሳቸውን ጎተራ አሣሉ። ዛሬ ሩፓንየፕን፣ ሺፕ ሂልስን፣ ብሪምን፣ ሮዝቤሪን፣ ላሰልስንና ፓችዎሎክን የሚያገናኘው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሰዎች ቀናት መድበው ይጎበኙታል። ብሪምም ለመንገደኛ በጅረቱ ዳር ማደሪያ አላት፣ ጥቂት ዶላር ከፍሎ ማደር ነው። እኛም እዚያ አደርን። ሌሊቱ ብርዳም ነበር፤ ከዋክብቱ ግን ላሊበላ ካደርኩባቸው ሌሊቶች ወዲህ ያላየኋቸው ዓይነት ነበሩ።

ከብሪም ወደ ሰሜን ስንወጣ፣ በዌንትዎርዝ መሪ እና ዳርሊንግ የተባሉት ሁለት ወንዞች ሲገናኙ ቆመን አየን፤ ከዚያ በኋላ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከቀይ አፈር በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ልጆቹ ፍየል ቆጠሩ፤ መቶ ሠላሳ ላይ ሰለቻቸው።

ነጻው ማደሪያ እንዴት ይሠራል?

እኛ አገር በገጠር መንገድ የመሸበት ሰው ከደጅ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ሲል «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ይባል እንደነበር ታላላቆቻችን ነግረውናል። የአውስትራሊያው ነጻ ማደሪያ በመንፈስ የዚያ ዘመድ ይመስለኛል። ልዩነቱ እንግዳው ቤቱን ከነሽንት ቤቱ ይዞ መምጣቱ ነው።

ማደሪያው ብዙውን ጊዜ የኳስ ሜዳ ዳር፣ የድሮ የከብት ትርዒት ሜዳ ወይም የወንዝ ዳር ነው። መግቢያው ላይ ሰሌዳ አለ። ስንት ሰዓት መቆየት እንደሚቻል (24፣ 48 ወይም 72)፣ እሳት የት እንደሚነድና ምን ዓይነት መኪና እንደሚፈቀድ ተጽፎበታል። በብዙ ቦታ የሚፈቀደው የራሱ ሽንት ቤትና የእጣቢ ማጠራቀሚያ ያለው ተሽከርካሪ ብቻ ነው። አንዳንዱ ቦታ ምንም አይከፈልም። ሌላው ጋ ደግሞ እንጨት ላይ የተቸነከረ የቆርቆሮ ሣጥን ይኖራል፤ የቻሉትን ከተው ይገባሉ፣ የሚቆጣጠር የለም። የወንድሜ ልጅ ሣጥኑን አይቶ «ባንከትስ ማን ያውቃል?» ሲል እናቱ «አንተ» አለችው።

ይህን አሠራር ካስፋፉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1986 የተመሠረተው የአውስትራሊያ የካምፐርቫንና የሞተርሆም ክለብ ነው። ክለቡ ለመንገደኛ ተስማሚ የሆኑ ከተሞችን ይመዘግባል። ለመመዝገብ ለትልልቅ ተሽከርካሪ የሚበቃ ማቆሚያ፣ ለአንድና ለሁለት ቀን ማደሪያ፣ የሚጠጣ ውኃና ዳምፕ ፖይንት ማዘጋጀት ያስፈልጋል። የተመዘገበች ከተማ መግቢያዋ ላይ ምልክት ትተክላለች። ምልክቱን ያየ ጡረተኛ ፍሬን ይይዛል ማለት ነው።

ጡረተኛ ያልኩት በምክንያት ነው። ከ700 ሺህ በላይ የተመዘገቡ ካራቫኖችና ካምፐርቫኖች ባሉባት አገር፣ በክረምቱ ወራት መንገዱን የሚሞሉት ልጆቻቸውን አሳድገው፣ አንዳንዶቹም ቤታቸውን አከራይተው ሙቀት ፍለጋ ወደ ሰሜን የሚወጡ አዛውንቶች ናቸው። «ግሬይ ኖማድስ» ይሏቸዋል፤ ሽበታም ዘላኖች እንደ ማለት ነው። ገንዘብ ይቆጥባሉ፣ ጊዜ ግን አላቸው። ኤሌክትሪክ ያለው የካራቫን ፓርክ ለአንድ ሌሊት በአብዛኛው ከ40 እስከ 60 የአውስትራሊያ ዶላር ስለሚያስከፍል፣ ለወራት መንገድ ላይ ለሚኖር ሰው ነጻ ማደሪያ ትልቅ ነገር ነው። መኪና ነዳጅ ይጠጣል፣ ሰውም ዳቦ ይበላል፣ ጎማም ይተነፍሳል። ትንሿ ከተማ የምታተርፈው ከዚህ ነው።

ብሮክን ሂል እና አህዮቹ

ብሮክን ሂል ትንሽ ከተማ አይደለችም፤ ግን ምድረ በዳውን ለማወቅ ከእሷ የተሻለ ቦታ የለም። እ.ኤ.አ. በ1883 ቻርልስ ራስፕ የተባለ የበግ እርባታ አጥር ጠባቂ ማዕድን ያገኘባት ናት። ዛሬ በዓለም ከታወቁት የማዕድን ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ቢኤችፒ ስሙን የወሰደው ከዚህችው ከተማ ነው። ሰዓቷም ከሲድኒ በግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ በዚህ ምክንያት ለአንድ ቀን ያህል ቁርስና ምሳችን ተምታቶብን ነበር።

ለልጆቹ የገረማቸው ሌላ ነው። በመቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በከብት እርባታ ጣቢያ የሚኖር ልጅ ትምህርት ቤቱ የት ነው? ብሮክን ሂል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ በራድዮ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ፤ ዛሬ ትምህርቱ በኢንተርኔት ነው። ቢታመምስ? እ.ኤ.አ. በ1928 የተጀመረው በራሪ ሐኪም አገልግሎት በአውሮፕላን ይደርስለታል፤ እዚህችው ከተማ ጣቢያ አለው። እኔን የገረመኝ ደግሞ የቆርቆሮ መስጊዱ ነው። ባቡርና መኪና ባልነበረበት ዘመን ከአፍጋኒስታንና ከሕንድ አካባቢ የመጡ ግመል ነጂዎች ለዚህ ምድር ስንቅና ሱፍ ያመላልሱ ነበር። ጸሎት ያደርሱባት የነበረችው ትንሽ ቤት ዛሬም ቆማለች። ግመሎቻቸው ግን ሲለቀቁ በረሃውን ሞሉት።

ከብሮክን ሂል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሲልቨርተን አለች። ሁለተኛው የ«ማድ ማክስ» ፊልም የተቀረጸባት፣ ነዋሪዎቿ በጣት የሚቆጠሩ መንደር ናት። ቱሪስት ሁሉ ካሜራውን አውጥቶ በመንደሩ መንገድ እንደልባቸው የሚንሸራሸሩ አህዮችን ያነሳል። ልጅቷ በደስታ እየጮኸች «አክስቴ፣ አህያ! አህያ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ለመሞከር ላሰቡ

ሜልቦርን፣ ፐርዝ ወይም ሲድኒ ዘመድ ያላችሁ አንባብያን እንደ እኔ ዕድሉ ሊገጥማችሁ ስለሚችል ጥቂት ልንገራችሁ። በአውስትራሊያ ካራቫን ለመጎተት ተራው የመኪና መንጃ ፈቃድ ይበቃል፤ ከዚህ ሄዶ መሪ ለመያዝ ያሰበ ሰው ግን ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ቢይዝ ይሻለዋል። መንገዱ በግራ ነው። ከ750 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ተጎታች የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። መኪናው መሳብ ከሚችለው በላይ መጫን ደግሞ ቅጣትም ሞትም ያስከትላል። ከኋላችሁ የሚመጣው «ሮድ ትሬን» የሚባለው ከባድ መኪና በተፈቀደለት መንገድ ላይ እስከ 53.5 ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ እሱን ለመቅደም የሚጣደፍ ሰው ስንት ተሳቢ እንዳለው መጀመሪያ ይቁጠር።

ሲመሽና ሲነጋ አትንዱ፤ ካንጋሮው መንገድ የሚያቋርጠው ያኔ ነው። ወንድሜ ከአሥር ሰዓት በኋላ ቁልፍ አይነካም። ስልክ በብዙ ቦታ አይሠራም፣ ስለዚህ የማደሪያዎቹን ዝርዝር (ብዙ ሰው «ዊኪካምፕስ» የሚባለውን የስልክ መተግበሪያ ይጠቀማል) ከተማ ውስጥ ሳላችሁ አውርዱት። ዝናብ የጣለ እንደሆነ የአፈር መንገድ ይዘጋል። የተዘጋ መንገድ ደፍሮ የገባ ይቀጣል፣ ጎትቶ የሚያወጣውም ሰው ዋጋው ቀላል አይደለም። ውኃን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ከምታስቡት በላይ ያዙ።

አርባ ስምንት ሰዓት

ስንመለስ በሌላ መንገድ ነበር። ወንድሜ መኪናውን ባቆመ ቁጥር ሳይናገር የሚያደርገው ነገር አለ። ወርዶ በካራቫኑ ዙሪያ ይሄድና በአይበሉባው የጎማዎቹን መሐል ይነካል። በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ግራውን ነክቶ እጁን እንደ እሳት መለሰ። የተቃጠለ ግራሶ ሽታ ለሁላችንም ደረሰን። በክሪክ አንሥቶ ጎማውን ሲወዘውዘው እንደ ወላቃ ጥርስ ተነቃነቀ።

«ኩሽኔታው አልቆለታል» አለ።

ቅርቡ ከተማ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ይርቃል። የአደጋ መብራት አብርተን፣ እየቆምን፣ እያቀዘቀዝን፣ በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙ ሳንፈጥን ፀሐይ ስትጠልቅ ደረስን። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ ታገኙታላችሁ። አንድ ማደያ፣ አንድ ሱቅ፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ ጥቂት ተማሪ የቀሩት ትምህርት ቤት አላት። የባንኩ ሕንፃ አለ፤ ባንኩ የለም። ኳስ ሜዳው ዳር ያለው ሰሌዳ «ነጻ ማደሪያ፣ 48 ሰዓት» ይላል። ሣሩ የተከረከመ፣ ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው። ጠዋት ላይ ማጨጃ እየገፉ የመጡ ሴት ሲያነጋግሩን፣ ይህን ሁሉ የሚሠሩት ያለ ደሞዝ እንደሆነ ተረዳን።

ጋራዡ የአንድ አዛውንት ነው። ብረቱን ገልብጠው አይተው በዚህ ልክ ኩሽኔታ እንደሌላቸው፣ ከትልቁ ከተማ ቢያዝዙ በሦስተኛው ቀን በጭነት መኪና እንደሚመጣ ነገሩን። ወገባቸውን ስለሚያማቸውም ጎንበስ ብለው መሥራት እንደማይችሉ ጨመሩበት። ወንድሜ ጥቂት አሰበና መሣሪያቸውን ቢያውሱት ራሱ እንደሚፈታው ነገራቸው። በጥርጣሬ አዩት። ቁልፉን ሰጡት።

እኔ ይህን ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ ልጁ ግን አያውቀውም። ከመሰደዱ በፊት ሶማሌ ተራ አጠገብ ጋራዥ ውስጥ አምስት ዓመት ሠርቷል፤ እናታችን ሸሚዙን ስታጥብ ስታማርር ነው ያደግነው። ቸርኬውን አወረደ፣ ዳዶውን ፈታ፣ የተቃጠለውን ኩሽኔታ አውጥቶ በመዳፉ ላይ አደረገው። ልጁ መጀመሪያ ስልኩን ይዞ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። ቀስ በቀስ ቀረበ። «ፋኖሱን ያዝልኝ» ተባለ፣ ያዘ። «አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ» ተባለ፣ ሰጠ። በኋላ በእንግሊዝኛ የት እንደተማረ ጠየቀው። ወንድሜ ቀና ሳይል በአማርኛ «ባንተ ዕድሜ ሳለሁ» ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያወሩትን አልሰማሁም። ልሰማም አልቀረብኩም።

ኩሽኔታው እስኪመጣ ከተማዋን አወቅናት፤ ግማሽ ቀን ይበቃል። በሁለተኛው ቀን የወንድሜ ባለቤት ልብስ ለማጠብ በከተማዋ ጫፍ ወዳለው የካራቫን ፓርክ ሄደች። አሥራ አራት ቦታ አለው፤ በዚያን ቀን ሁለቱ ብቻ ናቸው የተያዙት። ባለቤቲቱ ልብሱ እስኪታጠብ ቡና አጠጥተዋት ብሶታቸውን ነገሯት። ግብር ይከፍላሉ፣ ኢንሹራንስ ይከፍላሉ፣ ውኃና መብራት ይከፍላሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ከእሳቸውም ከሌላውም በሰበሰበው ገንዘብ ሣር እያጠጣ፣ እሳቸው የሚሸጡትን በነጻ ያድላል። ነጻው ማደሪያ ከተከፈተ ወዲህ ሠራተኛቸውን አሰናብተዋል። ፓርኩን ለመሸጥ አስበው ገዢ አጥተዋል።

የሱቁና የማደያው ሰዎች በበኩላቸው ሌላ ይላሉ። ነጻው ማደሪያ ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ካራቫን ሳይቆም ያልፍ ነበር፤ ፓርኩም ቢሆን በፊት ሞልቶ አያውቅም። ሁለቱንም ወገን ሰምቼ ማን እንደተሳሳተ መለየት አልቻልኩም። በሌሎች ከተሞችም ይኸው ክርክር አለ። አንዳንዱ ከተማ ቀኑን በማሳጠር፣ አንዳንዱ ጥቂት ዶላር በማስከፈል፣ አንዳንዱም ሙሉ ዕቃ ያላቸውን ብቻ በመፍቀድ ሊያስታርቅ ይሞክራል። ሦስት መቶ ሰው በሚኖርበት ቦታ ግን ክርክሩ የፖሊሲ ብቻ አይደለም፤ እሑድ እሑድ አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ ሁለት ሴቶች መነጋገር አቁመዋል። ስሟን ያልጠራሁት ለዚህ ነው።

በዚያው ምሽት ቡና አፈላን። የወንድሜ ባለቤት ከደጅ በጋዝ ምድጃ ላይ ስትቆላ ጢሱ በሜዳው ላይ ተነጠፈ። የካራቫን በር አንድ በአንድ ተከፈተ። ታጣፊ ወንበራቸውን ብብታቸው ውስጥ ይዘው መጡ። መካኒኩም መጡ፣ ሣር አጫጇም መጡ። የፓርኩን ባለቤት ጠርተናቸው ነበር፤ አልመጡም። አንድ ብቻቸውን የሚጓዙ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። አገሩን ለመዞር ከባለቤታቸው ጋር አሥር ዓመት አቅደው፣ ካራቫኑን ባዘዙ በዓመቱ ባለቤታቸው አረፉ። እሳቸው ግን ወጡ። ሦስተኛው ሲኒ በረካ እንደሚባልና ምን ማለት እንደሆነ ልጅቷ ስታስረዳቸው በጥሞና አዳመጧት፤ ከዚያ ሲኒያቸውን ዘረጉ።

ኩሽኔታው በተባለው ቀን መጣ። አባትና ልጅ ግራሶ እስከ ክርናቸው ተቀብተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሠሩ። መካኒኩ የዕቃውን ዋጋ ተቀብለው የእጅ ዋጋ አልፈልግም አሉ፤ ወንድሜ ግን ለጋራዡ ኪራይ ብሎ ገንዘብ ጠረጴዛቸው ላይ ትቶ ወጣ።

ለመሄድ መሽቷል። አርባ ስምንቱ ሰዓት አልፏል፣ ግን ሣር አጫጇ ብናድር ግድ እንደሌላቸው ነግረውናል። የወንድሜ ባለቤት «ዛሬ ፓርኩ ውስጥ እናድራለን» አለች።

«ነጻ እያለልን?» አለ ወንድሜ። «አርባ አምስት ዶላር እኮ ነው። የሁለት ሰዓት ደሞዝ!»

«የሁለት ሰዓት ደሞዝህን ለእኔ ቁጠርልኝ።»

«እነሱስ ቢሆኑ ማዘጋጃ ቤታቸው ራሱ ፈቅዶ...»

«ሴትየዋ ቡና አጠጥታኛለች» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ቦርሳዬን ፈተሽኩ። የሱቅ ደረሰኞቹን በሙሉ ይዤ ነበር። ነዳጅ፣ ዳቦ፣ ሥጋ፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶ፣ በመጠጥ ቤቱ የተበላ እራት፣ አይስክሬም፣ ልጅቷ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የገዛቻቸው ሁለት መጻሕፍት ሲደመሩ 412 ዶላር ሆነው ነበር። ነገርኳቸው። ወንድሜ በድል «አየሽ፣ ድርሻችንን ተወጥተናል» አለ። ባለቤቱ ደግሞ «ለእሷ ስንት ደረሳት?» አለች። ከ412ቱ ዶላር የፓርኩ ባለቤት የደረሳቸው የልብስ ማጠቢያው ዘጠኝ ዶላር ነበር።

ፓርኩ ውስጥ አደርን። ውኃው ትኩስ ነበር፣ ልጆቹም ሻወር ውስጥ ሠላሳ ደቂቃ ቆዩ። ወንድሜ ማታውን ሙሉ እንዳኮረፈ፣ ጠዋት ግን ሴትየዋ ሲሸኙን በራቸው ላይ የላላውን ማጠፊያ አይቶ መፍቻ እንዲያመጣለት ልጁን ላከው።

ከዚያ በኋላ እስከ ሜልቦርን ምንም አልገጠመንም። ባላራት ሳንደርስ አንድ ማረፊያ ላይ ለምሳ ቆምን። ወንድሜ ቀበቶውን ገና እየፈታ ሳለ የኋላው በር ተከፈተ። ልጁ ወርዶ ግራውን ዞረ፣ ቀኙን ዞረ፣ ጎንበስ ብሎ በአይበሉባው ነካ።

«ቀዝቃዛ ነው» አለ፣ በአማርኛ።